አባባ ያላያት አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ዑመይር፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያስነጋሃል? ባለቤትህ ናጃህ፣ በስልክ ብቻ የማውቃት ልጃችሁስ ደህና ናቸው? ጆሃንስበርግስ ሰፈሩ፣ ሥራው፣ ሰላሙ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ናፍቆትህን ለምደነዋል ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

እንሰቱ ደህና ነው። በርበሬውም ዘንድሮ ጥሩ ወጥቶልናል፤ እዚህ አጠገባችን ቆሼ ያሉት ዘመዶቻችንም እንዲሁ ይላሉ። የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሳይኖር በር ላይ ተቀምጬ የቡታጅራን ሰው ስቆጥር እውላለሁ። ይህን ደብዳቤም የምጽፍልህ መብራት በሌለበት ሰዓት ነው። በስልክ ጀምሬልህ መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ የሰፈራችን ልጅ ሙሀመድአወል ወደ እናንተ ሊመጣ ነው ሲሉኝ በእጁ ብሰድልህ ይሻላል ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

አንተ ግን የምትጠብቀው ይህን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያዘዝከኝ ነገር አንድ ነው። እማን አዲስ አበባ ውሰጃት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስሟን ስትሰማ የኖረችውን ከተማ ትይ፣ ስትመለሱም አባባ ጠቅልሎ ይግባ፤ በዚህ ዕድሜው መርካቶ ውስጥ ብቻውን አይቅር ብለኸኝ ነበር። ሄጄ መጣሁ። አባባን ግን ይዤው አልመጣሁም። አትቆጣ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እማ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። አንተ ቀድመህ ከቤት ስለወጣህ አልነገረችህ ይሆናል እንጂ ከአዲስ አበባ ጋር ቂም አላት። አባባ በየዓመቱ ለአረፋ ሲመጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ስለ ከተማው ንገረን ይለዋል፤ እሱም ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ አንበሶቹ፣ ስለ እንጦጦ፣ ስለ ድንቅነሽ ያወራል፤ እሷ ደግሞ ጓዳ ሆና ትሰማለች። እሱ እዚያ ዓለሙን ሲቀጭ እኔ እዚህ እንሰት ስፍቅ አረጀሁ ትላለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። ይግባ ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ከመጣ ይምጣ፣ እኔ ለምኜ አላመጣውም። በመጨረሻ አክስታችን ከድጄ ከኮልፌ ደውላ ወይ ነይ፣ ወይ ከእንግዲህ እህቴ አትበይኝ ስትላት ነው ነጠላዋን ያነሳችው።

መንገድ ላይ ጢያ ስንደርስ የፈረንጆች መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ጥንት የተቀረጹትን ድንጋዮች ሊያዩ ነው ሲለን፣ እማ፣ አባትሽ አብዶ እነዚህንም በደንብ ያውቃቸዋል፣ በዚህ ሳያልፍ አይመጣም አለች። ኩራትም ቅናትም ነበረበት።

በማግስቱ አባባ የመርካቶ ሱቁን ለአጎታችን ልጅ ለሙባሪክ ትቶ ከድጄ ቤት መጣ። በሥራ ቀን ሱቁን ሲተው እኔ አይቼ አላውቅም። የአረፋ ኮቱን ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ከየት እንጀምር ስለው ድንቅነሽን ያላየ ከተማ አየሁ አይልም ብሎ ፊት ፊት ሄደ። መጀመሪያ የተሳሳተ ታክሲ አስያዘን፤ እሱም መንገዱን ቀይረውታል አለ። አራት ኪሎ ወርደን ሽቅብ ስንሄድ ደግሞ የሙዚየሙን በር አልፎት ሄደ። ጽሑፉን አንብቤ ጠራሁት። ተመልሶ በሩን ላይ ታች አየውና ድሮ በሩ በወዲያ በኩል ነበር አለ። ጥበቃው ፈገግ ብሎ፣ አባቴ፣ እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ በሩ እዚሁ ነው አለው። እማ ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

የድንቅነሽን ወሬ ታስታውሳለህ? ከእኛ ቤት በር ትበልጣለች፣ ሰው አንጋጦ ካላየ ፊቷ አይታየውም ይለን ነበር። አንተ እንኳ ትምህርት ቤት ተከራክረህ፣ አባቴ በዓይኑ አይቷታል፣ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው ብለህ አልበገር ብለሃል። እና ምድር ቤት ወረድን። ድንቅነሽ መስታወት ውስጥ ናት፤ አጥንቷ ተዘርግቶ፣ አጠገቡ ደግሞ ተገጣጥማ የቆመች። የቆመችው ከጎረቤታችን ከአደይ የአንደኛ ክፍል ልጅ አትበልጥም። አባባ ገና እያንጋጠጠ ግድግዳ ግድግዳውን ይፈልጋል። በጣቴ አሳየሁት። ፊቱን ብታየው ታዝንለት ነበር። እማ ቀስ ብላ ቀረበች፣ ጎንበስ ብላ አየቻትና ወደ እሱ ዞራ፣ አብዶ፣ አንጋጠህ ያየሃት ይቺን ነው አለችው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አባባም ሌላ ትልቋ ነበረች፣ ወስደዋት ይሆናል ብሎ ሞከረ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ግን ሁሉንም ተናገረ። ሙዚየሙ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። እንጦጦን አያውቀውም፣ አንበሳም አላየም። የሚያውቃት አዲስ አበባ ከሱቁ እስከ አንዋር መስጊድ፣ ከመስጊዱ እስከ አውቶቡስ ተራ ናት። ለአረፋ ሲመጣ ሰው ሁሉ ንገረን ሲለው፣ ክርና ዚፕ ሸጬ ቆጥ ላይ ተኝቼ መጣሁ ማለት ያፍርና ደንበኞቹ ሲያወሩ የሰማውን የራሱ አድርጎ ያወራል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ በየዓመቱ መጨመር ነበረበት። ጁምዓ እንኳ ሰግጄ እየሮጥኩ ነው የምመለሰው፣ ብቻዬንስ ምን ልሠራ እሄዳለሁ አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እኔ አሁን እማ ትነሳበታለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እንግዲያው የምታውቀውን አሳየኝ አለችው። አስበው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሱቁን አይታው አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ለለቅሶ መጥታ በማግስቱ ነው የተመለሰችው።

መርካቶ ስንገባ አባባ ሌላ ሰው ሆነ። ከየሱቁ ሰላምታ ይወርድለታል፤ በዚያ ግፊያ መሃል እጇን ይዞ አንዴም ሳያደናቅፋት አደረሳት። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። እማ፣ የምትተኛበትን አሳየኝ ብላ በዚያች ቀጭን መሰላል፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ቀና ማለት አይቻልም። ፍራሽ፣ መስገጃ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። እማ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ሳህኑን አነሳችና ረመዳንን የምታፈጥረው እዚህ ነው ብላ ወደ ታች ጠየቀችው። እዚሁ ነው አላት። ብቻህን አለችው። ለቴምርና ለሾርባ ምን ሰው ያስፈልጋል አላት። አንጀቷን በላው። አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋ ሳይደርቅ ሠላሳ ዓመት የቀናሁት በዚህ ነው እያለች እስኪደክማት ሳቀች። አባባም ታች ሆኖ ስትስቅ ሰምቶ መሳቅ ጀመረ። እኔ ዑመይር፣ አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መሪያችን እማ ሆነች። እንጦጦ ፓርክ ወጥተን ከተማውን ቁልቁል ስናይ አባባ መርካቶን ፈልጎ አጣት፤ እማ ናት በጣቷ ያሳየችው፣ ልክ ትሁን አትሁን እንጃ። ወዳጅነት ፓርክ ውኃው ሲዘል አጠገቡ ቆመው ረጠቡ። አንድነት ፓርክ አንበሳው ተኝቶ ነበር። አባባ ሳያገሳ አልሄድም ብሎ አጥሩ ዳር ቆመ፤ የአንበሳው እንቅልፍ ግን የዋዛ አልነበረም። በቴሌግራም የላክሁልህን ፎቶ ተመልከተው፤ እንደዚያ ተኮፍሶ የቆመው ከነቃ አብሮ ሊነሳ ነው።

የምንመለስበት ቀን መናኸሪያ ሊሸኘን መጣ። ያንተን መልእክት ያን ጊዜ ነገርኩት፤ ሱቁን ለሙባሪክ ትተህ ጠቅልለህ ግባ ይልሃል አልኩት። ከእሱ በፊት የመለሰችው እማ ናት። ይገባል፣ አንቺ ግን ዛሬ ብቻሽን ነው የምትሄጂው አለችኝ። ረመዳን ደርሷል፤ ያን ሁሉ ረመዳን ብቻውን ያፈጠረ ሰው የመጨረሻውን የከተማ ረመዳን ብቻውን አያፈጥርም አለች። ከድጄ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለካ ቀድማ ተነጋግራባት ነበር። እስከ አረፋ እዚያ ይቀመጣሉ፣ ያላዩትን ያያሉ፤ ለአረፋ ሱቁን ለሙባሪክ አስረክቦ አብረው ይገባሉ። አባባ ኢንሻ አላህ አለ። እኔ ሳላውቅ መኪናው ላይ የጫንኩትን ሻንጣዋን ራሱ ወጥቶ አወረደው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደውለህ አትጨቅጭቀው፤ ነገሩ በትልቅ ሰው እጅ ገብቷል። ናጃህን ሰላም በልልኝ፣ ልጃችሁን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፣ አብረውህ የሚኖሩትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አደይና ልጆቿ ሰላም ብለውሃል፤ እማና አባባም ከኮልፌ ዱዓቸውን ልከውልሃል። የቤቱ ቁልፍ አሁን በእኔ እጅ ነው። አንተና እኔ ከተወለድን ጀምሮ ለአረፋ ከመኪና የሚወርደው አንድ ሰው ነበር፤ ዘንድሮ መንገድ ወጥቼ ሁለት ሰው እቀበላለሁ።

እህትህ ባሂራ አብዶ
ቡታጅራ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.