አፍንጫው የተበሳ ቆቅ

ኦክቶበር 16፣ ዓርብ

አንሶላ አጠብኩ። ንፋስ ስላለ ቶሎ ደረቀ። ሁለት የፖም ኬክ ጋገርኩ። በየዓመቱ ቤቴ ከፍለው የሚሰነብቱት የሚኒሶታ አዳኞች ማታ ይገባሉ፤ ነገ የቆቅ አደን ይከፈታል።

ቨርሊን መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ወልውሎልኛል። "የዱር ቆቅ ብቻ" ይላል። የባሌ የኦርሊን የእጅ ጽሑፍ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አዳኞቹን ወደ ረግረጉ የሚመራቸው ወንድሙ ቨርሊን ነው።

ኬኩን አሽትቶ፣ "አርዲስ፣ የተሰበረ ካለ የኔ ነው" አለ።

"የተሰበረ የለም።"

"እሰብረዋለኋ!"

ሳቅሁ። ግን ለምን ዓይን ዓይኔን አላየም?

ኦክቶበር 17፣ ቅዳሜ

ጋራዥ ውስጥ ቆቅ ስገፍፍ ዋልኩ። እስከ ዘንድሮ መግፈፉ የወንዶቹ ሥራ ነበር። ሁሉም አውራ፤ ጉንጫቸው ቀይ፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት። ጅራታቸው ግን… ያ ክንድ የሚያህል ጅራት ጫፉ ተበልቷል። ከሽቦ ጋር ሲታገል የኖረ ይመስላል።

ወፍራሙ ኬርሚት ቢራውን ይዞ በር ላይ ቆመ። "ውሻዬ ዘንድሮ ጉድ ናት! ቆቁ አፍንጫዋ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቃት።"

"ውሻህን አይደለም የጠበቀው" አለው ጓደኛው። "አተኳኮስህን አይቶ ነው። ምን ያስቸኩለዋል?"

ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ኦርሊን፣ "የዱር አውራ ከክንፉ ይልቅ እግሩን ያምናል፤ የመኪናህን በር ስትዘጋ እሱ በቆሎውን ጨርሶ ማዶ ወጥቷል" ይል ነበር። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ቆቅ?

የመጨረሻውን ሳጥብ አፍንጫው ላይ ቀዳዳ አየሁ። ከወዲህ ወዲያ ያሳልፋል። ጥይት ነው? ጥይት እንዲህ አስተካክሎ ይበሳል?

ኦክቶበር 18፣ እሑድ

ጥይት አይደለም። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ያመጣሁትን የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ገለጥኩ። በሽቦ ቤት የሚያድግ ቆቅ ጓደኛውን እንዳይነክስ ከዓይኑ ፊት ትንሽ ፕላስቲክ ይደረግለታል። ፕላስቲኩ የሚያያዘው አፍንጫውን በስቶ ነው። ሲለቁት ይነቅሉለታል፤ ቀዳዳው ይቀራል።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአንዱን የጉሮሮ ከረጢት ቀደድኩ። በቆሎ የለም። የሣር ፍሬ የለም። የፋብሪካ መኖ… ተጨምቆ እንደ ፍሬ የተቆራረጠ።

ቨርሊን ለምሳ መጣ።

"ትናንት ሳይነጋ የት ነበርክ? ፒክአፕህ ጭቃ በጭቃ ነው።"

"ከብቶቹን ለማየት ወጥቼ ነዋ።"

"ከብቶችህን አምና አልሸጥክም?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሾርባው ቆንጆ ነው" አለ።

ሾርባ!

ኦክቶበር 21፣ ረቡዕ

ሥራ አልያዝልኝ አለ። ይሄ ሰው የሟች ወንድሙን ቃል ሰሌዳ ላይ አቁሞ በስሙ ይቀጥፋል? ሌላውን ሁሉ እችላለሁ። ይህን ግን…

ለምን እንደሚያንገበግበኝ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ኦርሊንና እኔ ልጅ ነበርን ማለት ይቻላል። ኦርሊን ወገቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ዝናብ ይመጣል ተባለ፤ ድርቆሹ እንዳይበሰብስ ብዬ ባለማጨጃውን "እጨደው" አልኩት። በጁን! ሴቷ ቆቅ በጁን እንቁላሏ ላይ ናት። ማጨጃው ሲመጣ አትነሣም። እዚያው ተኝታ ከእንቁላሏ ጋር ትታጨዳለች።

ኦርሊን ድኖ መጣ፤ ማሳውን ዞረ፤ ኮፍያውን ሰቀለ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። በዚያ መከር ቆቅ ጠፋ። በሚቀጥለውም። ከዚያ በሦስተኛው አንድ ጠዋት ከደጅ ጠራኝ፤ "ተመልሰዋል፣ አርዲስ።" ማሳው ላይ አውራዎቹ ይራመዳሉ።

ይቅር የተባልኩት ያን ቀን ነው። እንደዚያ አምኜ ነው የኖርኩት።

ኦክቶበር 24፣ ቅዳሜ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ከዛፎቹ ጀርባ ቆምኩ። በረዶው ሣሩን አድርቆታል፤ እግሬ እንዳይሰማ ተጠንቅቄ…

መጣ። ቨርሊን፣ የፒክአፑን መብራት አጥፍቶ። ሳጥን አወረደ፤ ከፈተ። አውራዎቹ ወጥተው እዚያው ቆሙ። ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም። በእግሩ ወደ ረግረጉ ፊላ ገፋቸው።

"አንተ ቀጣፊ! ወንድምህን መቃብሩ ውስጥ ውሸታም ታደርገዋለህ?"

ሳጥኑ ከእጁ ወደቀ። ኮፍያውን አወለቀ።

"ቤት ግቢ አርዲስ፣ ብርድ ነው።"

"መልስልኝ!"

"ሥራው የኔ አይደለም። የሱ ነው።"

"የማን?"

"የኦርሊን። ያ ድርቆሽ ከታጨደ በኋላ የጀመረው ነው። በጸደይ ሴቶቹንም ይለቅ ነበር፣ ይዋለዳሉ ብሎ። ቀበሮ ፈጃቸው። ግን በየዓመቱ እንደገና ይለቅ ነበር… መስኮት ላይ ቆመሽ ባዶ ማሳ ስታይ ማየት አልቻለም። ሊሞት ሲል አስማለኝ። እኔ ምን ላድርግ?"

"ትዋሻለህ" አልኩት። ጥዬው ገባሁ።

ከሰዓት

ይዋሻል። ሟች መቼ ይመልሳል? በሟች ማሳበብ ቀላል ነው።

ቨርሊን የተወውን ሳጥን አምጥቼ ጋራዥ ውስጥ አገላበጥኩት። አሮጌ ነው፤ እንጨቱ ጠቁሯል። ማጠፊያዎቹ ናስ ናቸው፣ ቅጠል የተቀረጸባቸው… የወጥ ቤቴ ቁም ሣጥን ማጠፊያዎች! ቁም ሣጥኑን ስንቀይር ኦርሊንን ጠይቄው ነበር፤ "ጣልኳቸው" ነበር ያለኝ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው? ሳይነጋ ይወጣና ተመልሶ ቡና ጠጥቶ፣ "ነይ እይ" ይለኝ ነበር።

ወፎቹ አልተመለሱም። አንድም ቀን። ታዲያ ይቅርታው?

ኦክቶበር 25፣ እሑድ

ቁርስ ላይ ለአዳኞቹ ነገርኳቸው። "የገደላችሁት የዱር አይደለም። ከሽቦ ቤት የመጣ ነው።"

ኬርሚት ውሻውን ከጠረጴዛው ሥር አያት። "እኔ ደግሞ ለዚች ሥጋዬን ስቆርስላት የከረምኩት!"

ጓደኛው አልሳቀም። "በየዓመቱ ነው?"

"በየዓመቱ።"

ቦርሳውን ሊያስር ተነሣ። አልፈርድበትም።

ሰሌዳውን ራሴ ነቀልኩት። ቨርሊን መሰላሉን ያዘልኝ።

"ከእንግዲህ ማንም አይመጣም" አለ።

"አይምጣ። ግን ድርቆሹን ማንም እንዳይነካብኝ። አንተም ሳጥንህን ይዘህ እንዳትመጣ። ማል።"

"አንዱን መሐላ አፍርሼ ሌላ ልማል?"

"አዎ።"

ማለ። እኔም አመንኩት መሰለኝ።

ጁላይ 19፣ ሰኞ

ድርቆሹ እንደቆመ ነው። ጎረቤት ሁሉ አጭዶ ጨርሷል። ቨርሊን ትናንት ኬክ እየበላ፣ "እንጨት ሆነልሽ፣ ላም አትበላውም" አለ። አትብላው።

ዛሬ ጠል ሳይደርቅ መሐሉ ገባሁ። ከእግሬ ሥር ሴት ቆቅ ተነሣች፤ ክንፏ የተሰበረ መስላ ፊት ለፊቴ ትንፏቀቅ ጀመር። ከኋላዬ ሣሩ ውስጥ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ከነሱ ልታርቀኝ ነው።

የዱር ናት? ኦርሊን ከለቀቃቸው የተረፈች ዘር? ወይስ ቨርሊን…?

በጣም ቅርብ ነበረች። ጎንበስ ብል አፍንጫዋን አየው ነበር።

ፊቴን አዞርኩ። የመጣሁበትን ዱካ እየረገጥኩ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ።