ሃያ አምስቱን ያልለቀቀው ፈንክሽን

ማክሰኞ

አሁንም ያው መልስ። የጀሪካኑን መጠን 20 ሊትር ብለው፣ 25 ብለው፣ መልሱ ንቅንቅ አይልም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ላፕቶፑን መምታት ብቻ ነው የቀረኝ።

ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ ይረጋ እንደሆነ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ካለችው ከአሸተን ማርያም በታች ያለችውን ምንጭ አጠናለሁ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ አያ ስዩም፣ ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ይነግሩኛል፤ እኔ እዚህ ላሊበላ ቤታችን ሆኜ ምንጯ በቀን ስንት ሊትር እንደምትሰጥ አሰላለሁ። መጀመሪያ የሚለኩት በ25 ሊትር ነበር። እሱ ሲቀደድ፣ ከጥር ወዲህ፣ በ20 ሆነ። እኔም ቁጥሩን ቀየርኩና ውሃው እስከ ግንቦት ለተጨማሪ ማሳ ይበቃል አልኳቸው። በእኔ ቃል ከምንጯ የሚያጠጡት ገበሬ እትዬ ዘውዴ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በበጋ ሽንኩርት ተከሉ።

ረቡዕ

ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ስሌቱን የሚሠራልኝን ትንሽ ፕሮግራም፣ ፈንክሽኑን፣ በፋይል አልጻፍኩትም። ትእዛዝ በሚጻፍበት መስመር ላይ እዚያው በችኮላ ፈጠርኩትና ያንኑ እያስቀመጥኩ፣ እየከፈትኩ ወራት ሠራሁበት። እንዲህ የተፈጠረ ፈንክሽን በተፈጠረበት ቅጽበት ያገኘውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። በኋላ 20 ብለው ምን ሊሰማ፤ ሃያ አምስቱን አልለቀቀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በወረቀትም አሰላሁት። አለ ካልኩት ውሃ ከአምስት እጅ አንዱ የለም።

ምን ላድርግ፦ ዝም ብዬ የበልግ ዝናብ ልጠብቅ። ልደውል። ወጥቼ ልናገር። የመጀመሪያውን ደጋግሜ አሰብኩት። አፍሬያለሁ።

ሐሙስ

ወደ ምንጩ አልሄድኩም። እቤት እግሬን አመመኝ አልኩ፤ አላመመኝም። እናቴ ፊቴን አይታ አልለቅ ስትለኝ ነገርኳት።

«እና ሽንኩርቱ እስኪደርቅ ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ።

ከሰዓት ፈንክሽኑን በፋይል ጻፍኩት፤ የጀሪካኑን መጠን በየጊዜው እንዲጠይቀኝ አድርጌ። አሁን ትክክል ነው። ለእትዬ ዘውዴ ምን ይፈይድላቸዋል?

ቅዳሜ

ወጣሁ። ገበያተኛው ሲወርድ እኔ ሽቅብ። አያ ስዩም ምንጩ አጠገብ ነበሩ፣ እትዬ ዘውዴም። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማሽኑ አይደለም አልኩ።

አያ ስዩም ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ማነሱንስ ካየሁት ሰነባብቷል፣ ልጄ። አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ ዓይኔን ተጠራጠርኩት» አሉ።

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አለቀስኩ።

ተራውን እዚያው እንደገና ደለደሉት። የእትዬ ዘውዴ ማሳ ግማሹ ብቻ ይጠጣል። አብረን ወርደን ማሳውን አየን። ለቦዩ የቀረበውን ግማሽ ብንይዝ አልኩ፣ በለሆሳስ።

«አንቺ አትምረጪልኝ» አሉ እትዬ ዘውዴ።

አያ ስዩም መረጡ፤ የሚጠጣው የላይኛው ግማሽ ሆነ። ሰኞ እዚያው ሄጄ አብሬያቸው እለካለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።