የማታውቀው ቁጥር ሲደውልልህ አንሳው

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን

ይድረስ ለልጆቼ አባት፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ግን ደብዳቤ በሌላ ስለማይጀመር ነው እንጂ ሰሞኑን ቆሽቴ አርሮ ነው ያለሁት። ቁጭ ብለህ አንብበው። እንደ ልማድህ የላይኛዎቹን ሁለት መስመሮች አይተህ "እሺ፣ ገባኝ" ብለህ ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው። ዋናው ነገር ከታች ነው ያለው፤ ከላይ ያለው ብስጭቴ ነው።

ለምን እንዳልደወልኩ ታውቃለህ። ስንደዋወል እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ ዝም ትላለህ፤ ዝም ስትል ይብስብኝና የበለጠ እጮሃለሁ፤ ከዚያ "ኔትወርኩ አስቸገረኝ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ኔትወርኩ ለሰው ሁሉ ይሠራል፣ ለእኔ ሲሆን ነው የሚያስቸግርህ። ስለዚህ የድሮው ረዳትህ፣ ያው አሁን እሱም እንዳንተ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኗል፣ ነገ ወደዚያ ስለሚጭን በእጁ ሰደድኩልህ። ቅዳሜ ይደርስሃል። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኩትም፤ አፉን ታውቀዋለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ልቀጠር ነው። አዎ፣ እኔ! በዚህ ዕድሜዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ በነበረበት ቦታ ትልቅ ሱፐርማርኬት ተከፍቷል። ማታ ከተዘጋ በኋላ ሠራተኛ ያስገቡና መደርደሪያውን ሲሞሉ ያድራሉ፤ ጠዋት ገበያተኛው ሲገባ ሁሉም ነገር ሞልቶ ይጠብቀዋል። በሩ ላይ "ለሌሊት ፈረቃ ዕቃ ደርዳሪ እንፈልጋለን፤ የሥራ ልምድ አያስፈልግም" የሚል ተለጥፎ አየሁ። ልምድ አያስፈልግም የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህማ እኔን ነው ብዬ ገባሁ።

ልጆችህ ጉድ ፈላ ብለዋል። ትልቋ ስልክ ላይ አለቀሰች። "እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል? ልጆቿ ጥለዋት ሌሊት ካርቶን ትሸከማለች ነው የሚሉን!" አለችኝ። ይቺ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ሰው መጨነቅ የጀመረችው? ትንሹ ደግሞ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እንቅልፊት ሌሊት ልትሠራ! እማዬ፣ አንቺ እኮ ገና ዜና ሳያልቅ ሶፋ ላይ የምትደፊ ሰው ነሽ" እያለ። ያወጣህልኝን ስም እሱም ወርሶታል፤ ቁመናህን ቢወርስ ምን ነበረበት?

ትልቋ እንግዲህ መፍትሔ አላት። ከጓዳቸው አጠገብ ያለችውን ክፍል አጽድታ አልጋ አስገብታልኛለች። የልብስ ማጠቢያው ማሽን እዚያው ነው ያለው፤ አይወጣም፣ የት ይሄዳል? "ብቻሽን ከምትሆኚ እኔ ጋ ሆነሽ ልጆቹን እያየሽልኝ ትውያለሽ" አለችኝ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ዓይኖቼ ናቸው። ግን እዚያ ቤት አንዴ ከገባሁ መውጫ የለኝም፤ ዕድሜዬን የማሽኑን ጩኸት እየሰማሁ ልጨርሰው ነው። እኔ የምፈልገው የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ መግባት ነው። ይህን ሥራ ካገኘሁ የቤቱን ኪራይ እኔው እችለዋለሁ። ካላገኘሁ ግን ወሩ ሲያልቅ ቤቱን አስረክቤ ማሽኑ አጠገብ ነኝ። ሌላ ምርጫ የለኝም።

የቃለ መጠይቁ ቀን፣ ልጅህ ስታገባ ያደረግኳትን ተረከዟ ቀጥ ያለችውን ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ሞኝነቴን አየህ? ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጆሯቸው ላይ ነገር የሰኩ ልጆች ናቸው። አንዷ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችልኝና "እናቴ፣ ልጅዎን አድርሰው ነው?" አለችኝ። "አይ፣ እኔው ነኝ ልጅቷ" አልኳት።

ሰው ኃይል የሚሉት ቢሮ ያለችው ደግሞ ልጃችንን የምታክል ናት። "እማማ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። እማማ! ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እማማ ነው የሚለኝ፤ ሰልችቶኝ መቆጣቱን ተውኩት።

"ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል?"

"ቤቴ" አልኳት።

"እሺ፣ ከቤት ውጭስ?"

"ግቢው ውስጥ።"

አልሳቀችም። "በደንብ የሚያውቅዎትና ስለ እርስዎ ሊነግረን የሚችል አንድ ሰው ስምና ስልክ ይስጡኝ" አለችኝ። "ዘመድ ግን መሆን የለበትም።"

ቀላል መስሎኝ "እህቴ" ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት። ጎረቤቴን አስመዘገብኳትና ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ጎረቤቴ እኮ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ቤቱንም ያገኘችልን እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋን ብል የወንድሜ ሚስት ናት። ባለሱቁ እንኳ የእህቴ ባል ሆኖ አረፈው! ልጅቷ ስም በሰጠኋት ቁጥር ትጽፋለች፣ መልሳ ትሰርዛለች፣ በመጨረሻ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ትጠብቀኝ ጀመር። "እማማ፣ ዘመድ ያልሆነ አንድ ሰው እንኳ አያውቁም?" አለችኝ። ልጄ፣ መቼ ከቤት ወጥቼ ሰው ልወቅ ልላት ፈልጌ ዋጥኩት።

ያኔ ነው አንተ የመጣህብኝ። "የቀድሞ ባለቤቴስ? ተፋተናል" አልኳት።

እሷም ግራ ገብቷት ከጎኗ ያለውን ሒሳብ ሠራተኛ ጠየቀችው። እሱ ጭንቅላቱን አከከ። ዘበኛው ማንም ሳይጠይቀው ከበሩ ላይ ሆኖ "ከተፋቱማ ምን ዘመድ ነው? ባዳ ነው!" አለ። ሦስቱም ተስማሙና ስምህ ተጻፈ። ዘበኛው ግን አልበቃው ብሎ "በምን ተጣላችሁ?" አለኝ። "በእንቅልፍ" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ባዳ። ዳኛው ፊት ቆመን ስንፈርም ምንም ያልመሰለኝ ነገር ከዚያ ዘበኛ አፍ ሲወጣ አመመኝ። አልዋሽህም፣ በጣም አመመኝ። ሥራውን ግን እፈልገዋለሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ ስልክህን ሰጠኋቸው።

ከዚያ ልጅቷ ለሌሊቱ ኃላፊ አስረከበችኝ። ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ያሰረ ቀጭን ሰውዬ ነው። ጫማዬን አየና ምንም አላለም፤ ባለማለቱ አመሰገንኩት። ወተት የተጫነበት ጋሪ ገፍቶ አመጣና "እስቲ ማቀዝቀዣው ውስጥ ካለው ጋር አድርገው ይደርድሩልኝ" አለኝ። ይህማ የእኔ ነገር ነው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አዲሱን ከፊት፣ የቆየውን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ሰው አዙሬ ደረደርኩት። አምሮ ነበር። ሰውዬው ቀኖቹን አየት አየት አደረገና "እማማ፣ ገለበጡት እኮ" አለኝ። ለካ ቀኑ ሊያልፍ የቀረበው ነው ከፊት የሚሆነው፤ አዲሱ ከኋላ ይገባል።

ደሜ ፈላ። "ታዲያ እያወቃችሁ ለሰው የቆየውን ታስነሱታላችሁ?" አልኩት። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ እጄን እስከ ብብቴ አስገብቼ ከኋላ የማወጣ ሰው ነኝ! አንተ "ተይ፣ ሰው ያየናል" እያልክ ጋሪውን ይዘህ ትሸሽ አልነበር? ሰውዬው ሳቀና "ሌሊቱን የሚያለፉንማ እነዚያ ከኋላ የሚያወጡት ናቸው" አለኝ። አፍሬ ሁሉንም አወረድኩና እንደገና ደረደርኩት። ይኸውልህ፣ ያረጀ ከፊት የሚሰለፍበት ቤትም አለ ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ክፍል ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካፖርትህ አሁንም በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ ና ውሰደው ብዬ ብዬ ደክሞኛል፤ ስለዚህ እኔ እለብሰዋለሁ። ቅር ካለህ መጥተህ ተቀበለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ እዚህ ድረስ ካነበብክ። ኃላፊው እንዲህ አለኝ፦ "ሥራውን በሳምንት ይለምዱታል። እኛን የሚያስቸግረን እንቅልፍ ነው። ስንቱን ቀጥረን ካርቶን ላይ ተኝቶ አገኘነው። እርስዎ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ዕድሜ..."

"በዚህ ዕድሜ ምን?" አልኩት።

"ሰኞ ጠዋት ለሚያውቁዎት ሰው እደውላለሁ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሊት ነቅተው ማደር ይችላሉ ወይ? ይችላሉ ካሉኝ ሰኞ ማታ ይጀምራሉ። አይችሉም ካሉኝ ግን አልዋሽዎትም፣ አልቀጥርዎትም።"

አስበው እስቲ! ከዓለም ሕዝብ ሁሉ መርጬ የሰጠሁት ያንተን ስም ነው። እንቅልፊት ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "የእኔ ሚስት ከዶሮ ጋር ነው የምትተኛው፤ ሌሊት ቤቱን ነቅለው ቢወስዱት አትሰማም" እያልክ ስታስቅ የኖርከው አንተ። ሻንጣህን ይዘህ የወጣህ ቀንም "ብመጣም ብቀርም ላንቺ ያው ነው፤ ትተኛለሽ" ነበር ያልከኝ።

እንግዲህ ስማኝ። ሰኞ ጠዋት የሚደወልልህ የማታውቀው ቁጥር ነው። የማታውቀውን ቁጥር እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ ወንጀል የሠራህ ይመስል ስልኩን ገልብጠህ ነው የምታስቀምጠው። ይህንን ግን አንሳው! እየነዳህ ከሆነ ዳር ይዘህ ቁም። በደንብ "ሃሎ" በል፤ በዚያ ድምፅህ "ማን ልበል?" ብለህ ሰውዬውን እንዳታስበረግገው። ጠባይዋ እንዴት ነው ካለህ ቁጡ ናት ማለትህ አይቀርም፤ በል፣ ካርቶን አይከፋውም። ያቺን የዶሮ ቀልድህን ግን እንዳታወጣት።

ዋሽልኝ እያልኩህም አይደለም። ውሸት አትችልበትም፤ ድምፅህ ያስታውቅብሃል። ስለዚህ እውነቱን ልነግርህ ነው። ሳልነግርህ ልሞት ነበር ያሰብኩት፤ ይህ ሱፐርማርኬት ጉድ አደረገኝ።

ማታ ማታ ሶፋ ላይ የምደፋው ለምን ይመስልሃል? ሌሊት ስለማልተኛ ነው። አንተ መንገድ ላይ በሆንክበት ሌሊት ሁሉ ማድቤት መብራት አብርቼ ቁጭ እል ነበር። ፍሬንህ መታጠፊያው ላይ ሲያፏጭ ስሰማ መብራቱን አጠፋና ሮጬ ብርድ ልብሱ ውስጥ እገባለሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንተ ጫማህን በእጅህ ይዘህ በጣትህ እየተራመድክ ትገባለህ። "እንቅልፊት፣ መጣሁ" ትላለህ ቀስ ብለህ። እኔ ዝም። ስጠብቅህ እንደማድር ካወቅህ ደክሞህ እንኳ ዳር ይዘህ አታርፍም፣ ልድረስላት ብለህ ትነዳለህ ብዬ ፈራሁ። መንገድ ላይ ከምትቀርብኝ እንቅልፋም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ስትሄድም ይህንኑ ልነግርህ ፈልጌ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ወረቀቱን ከፈረምን ወዲህ እንኳ ሰውነቴ አልሰማም፤ ያ ሰዓት ሲደርስ እነቃለሁ። የሚያፏጭ ፍሬን የለም፣ እኔ ግን ማድቤት ቁጭ ብያለሁ። ባዶ ግድግዳ ከማይ ወተት ልደርድር ብዬ ነው የሌሊቱን የመረጥኩት።

ስለዚህ ሰኞ ሰውዬው ሲጠይቅህ፣ አንተ መንገድ ላይ ሆነህ አንድም ሌሊት ተኝታ አታውቅም በለው። በምን አወቅህ ካለህ ራሷ ነገረችኝ በል። መቼ ነገረችህ ካለህ ግን ዝም በል፤ ዝምታ መቼም ታውቅበታለህ።

እግዜር ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ፤ ወጥተህ በሰላም ግባ። ፍሬንህን አስፈትሸው። ሲደክምህ ዳር ይዘህ ተኛ፣ አትቸኩል። ምናልባት ወደዚህ የምትጭን ከሆነና የማድቤቱ መብራት ጠፍቶ ካየህ ተኝቼ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነኝ። ሱፐርማርኬቱ በኋላ በር በኩል ሌሊት ሌሊት የጭነት መኪና ያስገባል፤ እንዲያው ነገሩን ነው የነገርኩህ። ዘበኛው ባዳ ነህ ቢልህ አትስማው።

የልጆችህ እናት፣
ያው እንቅልፊት