በስሜ የጸደቀው

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ጠዋት 3፡10
ዛሬም አሥራ አራት ትኬት። ሰባቱ የኔ። አባባ ትኬት ስል የጀልባ ትኬት የምሸጥ ይመስላቸዋል። ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ የምንሠራው እያንዳንዱ ሥራ ሰሌዳ ላይ ይመዘገባል፣ እሱን ነው ትኬት የምንለው። አልተዋጠላቸውም። መተግበሪያችን የጣና ጀልባ ተሳፋሪ መመዝገቢያ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

የትዕግስትን ኮድ መለስሁት። እዚህ ቢሮ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ሳያጸድቅ ሥራ ላይ አይውልም። የሷ ለውጥ ወደቡ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ የመመዝገቢያው ታብሌት ምዝገባውን እንዲቀጥል ያደርጋል። ጥሩ። ግን ጀልባዋ መሙላቷን አያይም። ለአርባ ሰው በተሠራች ጀልባ መቶ ቢመዘገብም ዝም። ይህንኑ ጻፍሁላት። አኮረፈች። ትዕ. ስታኮርፍ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ስንኖርም እንዲሁ ነበረች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከሰዓት 9፡00
አለቃችን ዳዊት ቸኩሏል። የትዕ. ለውጥ ለሚካኤል መድረስ አለበት ይላል፣ ለጀልባ ማኅበሩ ቃል ገብቷል። ጀልባዋ መሙላቷን አያይም ብዬ እንደገና አስረዳሁ። አባባ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ በልጅነቴ ተሳፋሪውን በጣታቸው ቆጥረው ሳይጨርሱ ገመድ ሲፈቱ አላየሁም። ዳዊት ግን፣ ሐያት ነገር ታበዢያለሽ፣ ሁለታችሁ ተስማሙ ብሎ ወጣ።

ምሳ ትዕ. ጋበዘችኝ። አሣ ጉላሽ። አስተካክለዋለሁ አለች። ታርቀናል። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡30
አክስቴ ዘሀራ አረፈች። ይፋግ ልሄድ ነው። መናኸሪያ ሆኜ፣ መኪናው እስኪሞላ ነው የምጽፈው። ትዕ. እዚህ ድረስ ሸኘችኝ። ትንንሾቹን ትኬቶችሽን ልዝጋልሽ አለች፣ የይለፍ ቃሌን ነገርኋት። አላሰብሁበትም። ስድስት ዓመት ሙሉ የደበቅኋት ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት 4፡00
ተመለስሁ። ድምፄ ተዘግቷል። ትዕ. አቅፋኝ አለቀሰች። ሰሌዳው ንጹሕ ነው። የኔዎቹ ትኬቶች ተዘግተዋል፣ የሷም የምዝገባ ለውጥ «ያለቀ» የሚለው ውስጥ ገብቷል። አስተካክላው ዳዊት አንብቦላት ይሆናል። ከፍቼ አላየሁም። ልቤ ገና ይፋግ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት 10፡30
ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሚካኤል። ወደቡ በንግሥ ሰው ተጨናንቆ ዋለ። ጠዋት ኔትወርክ ጠፋ። ታብሌቱ መዘገበ፣ መዘገበ። ለአርባ በተሠራችው ጀልባ ስልሳ አንድ ሰው። ሩቅ ሳትሄድ ንፋስ ተነሣ፣ ውሃ ገባ፣ ካፒቴኑ መለሳት። ዳር ስትደርስ ሰዉ ሁሉ ለመውረድ በአንድ ጎን ተሻማ፣ ተገለበጠች። ውሃው ደረት ድረስ ብቻ ስለነበር ተጎትተው ወጡ። የአንዲት እናት ክንድ ተሰብሯል። የሞተ የለም። አልሐምዱሊላህ። የሞተ የለም።

አባባ ደወሉ። ታብሌቱ የናንተ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልሁ። እንዴት እንዲህ ሆነ አሉኝ። አላውቅም አልሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ጠዋት 5፡40
ስብሰባ። ዳዊት የሥራ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አበራው። የጻፈችው፦ ትዕግስት። አንብባ ያጸደቀችው፦ ሐያት። ኅዳር 5፣ ጠዋት 4፡20። ያ የመለስሁት ኮድ ነው፣ አንድ ፊደል ሳይቀየር።

በዚያ ሰዓት ለቅሶ ቤት ለመጣው ሰው ውሃ እቀዳ ነበር። እኔ አይደለሁም አልሁ። ትዕግስትን አየኋት። ስልኳን ታያለች።

«ራሷ ናት ደውላ፣ በኔ ስም ግቢና አጽድቂው ያለችኝ» አለች። ለዳዊት ነው የምትነግረው።

«መቼ?» አልኋት።

«ሐዘን ላይ ነበርሽ እኮ ሐያትዬ። ረስተሽው ይሆናል።»

በለስላሳ ድምፅ። ያዘነችልኝ ነው የምትመስለው። ለአፍታ ራሴን ተጠራጠርሁ፣ ብዬ ይሆን እንዴ? ይቅር የማልላት ይህን ነው። በአክስቴ ሞት ገብታ እኔኑ በራሴ ላይ አስነሣችኝ።

ዳዊት የይለፍ ቃል መስጠትሽ ራሱ ጥፋት ነው አለ። እውነቱን ነው። እስከ ማክሰኞ በጽሑፍ አስረጅ አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ቀን 7፡00
ስልኬን ፈተሽሁ። ያን ዓርብ፣ ኅዳር 5፣ ከትዕ. ጋር የተነጋገርነው አንዴ ብቻ ነው። የደወለችው እሷ ናት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን። ነፍስ ይማር አለችኝ። እህል ቅመሽ እንጂ አለችኝ። በስሜ ካጸደቀች ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እንዲያ አድርጋ ስለ እህሌ ትጨነቃለች።

ጠዋት አባባ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሐይቁ ዳር ሳንቃ ይልጋሉ። ሁሉን ነገርኋቸው፣ አለቀስሁ። መላጊያውን አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ።

«ቀዳዳው ተደፈነ?»

አልተደፈነም። ማን አጸደቀው እያልን ስንካሰስ ኮዱ እንዳለ ነው። ዛሬም ሰው ይመዘግባል። አንዳችንም፣ እኔም ጭምር፣ አላሰብነውም።

እዚያው ዕለት፣ ከሰዓት 10፡15
ቢሮ። ብቻዬን ነኝ። ማስተካከያውን ጻፍሁ። ግን ሌላ ሰው ካላጸደቀው አይገባም። ዳዊት አንበሳሜ ሠርግ ሄዷል፣ ስልኩ ዝግ ነው። የቀረችው ትዕ. ናት። ላክሁላት። ሰላምታ እንኳ አልጨመርሁም።

ሃያ ደቂቃ ቆይታ መለሰችልኝ። «የታዘለ ሕፃን አይቆጠርም። ይጨመር።» ልክ ናት። ጎበዝ ናት፣ ሁልጊዜም። ጨመርሁት። አጸደቀች፣ በራሷ ስም። ተደፈነ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተባባልንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከሰዓት 8፡00
ትዕ. ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። አመነች። ዳዊት ለሚካኤል ካልደረሰ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብሏት ነበር። ፈራች። እኔ እምቢ እንደምል ታውቃለች። የይለፍ ቃሌ ደግሞ እጇ ላይ ነበር። ሂጂና ይህንኑ ንገሪው አልኋት።

«አልችልም። አንቺን ያምኑሻል፣ ተቆጥተው ይተዉሻል። እኔን ግን ያባርሩኛል።»

አሁን ገባኝ። የኔን ስም የያዘችው ስለቸገራት ብቻ አይደለም። ጥፋቱን ይችልልኛል ብላ ነው የመረጠችው። ደረጃውን ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ጠዋት 3፡30
ደብዳቤው አለቀ። ለዳዊትና ለጀልባ ማኅበሩ። የራሴን አስቀደምሁ፤ የይለፍ ቃሌን መስጠቴን፣ ተመልሼም ከፍቼ ሳላይ ማለፌን። ቀጥሎ የሷን፣ ከነሰዓቱ።

ከመላኬ በፊት ለትዕ. አነበብሁላት። ፊት ለፊት። በስሜ ማጽደቋን ስናገር አዎ አለች። ሐያት ደውላ ነግራኛለች ያለችው ውሸት ጋ ስደርስ ክንዴን ያዘች።

«እሱን ብቻ አውጪልኝ። ሌላው ይሁን።»

ስንት ዘመን አብረን በላን። ክንዴን አላስለቀቅሁም። ግን አላወጣሁትም።

ከሥር አንድ መስመር ጨመርሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሷን ኮድ እኔ አላነብም፣ የኔንም እሷ አታንብብ። ሌላ ሰው ይመደብልን።

3፡55። ላክሁት።