በክፍልህ የተነሣው ክርክር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዮናዳብ የኋላሸት፤ ባለህበት ጅቡቲ።

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከዳንግላ ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ይድረስህና ትንሽ ያቀዝቅዝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ ተሻለህ? ያ የባሕር ዓሣ ተስማማህ ወይስ አሁንም እንደ መድኃኒት ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትውጠው? የወደቡ ሥራ አይከብድህም? እንቅልፍህን ትጠግባለህ? ይህን ሁሉ ጠይቂልኝ ያለችኝ እማዬ ናት፤ የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከስተሃል ወይስ አልከሳህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ መንገዱም እንደምታውቀው ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ሆኗል። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍ መብራት ጎድሎብናል፤ እሱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ ጠልቼ አይደለም። ኔትወርኩ አንዴ መጥቶ ሲጠፋ ይከርማል፤ የመጣ ጊዜም ‹ሃሎ፣ ይሰማሃል?› ስንባባል ካርዳችን ያልቃል። የምነግርህ ነገር ደግሞ በሃሎ የሚያልቅ አይደለም። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ የመጣው ሹፌሩ ደሴ ነገ አራግፎ ወደዚያው ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ድርቆሽና በርበሬም አለበት። በርበሬውን ለጓደኞችህ እንዳትበትነው ብላለች እማዬ።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ። ከፋሲካ በኋላ አባባ ክፍልህን ለሲሚንቶ ነጋዴ ለማከራየት እያሰቡ መሆኑን ሰማሁ። መምህርነትህን ትተህ በዚያ ክፍል ጌም ቤት የከፈትክ ጊዜ የተናገሩህን አንተ አልረሳኸውም፤ አንተ የመለስክላቸውንም እሳቸው አልረሱትም። ከሄድክ ወዲህ ስላንተ መጠየቅ ሲፈልጉ ‹ሰዎቹ ደህና ናቸው?› ይሉኛል። ሰዎቹ የሚባለው አንተ ነህ። ጌም ቤቱን ትተህልኝ ከሄድክ ወዲህ ያ ክፍል ለእኔ መተዳደሪያዬ ብቻ አይደለም። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ሲሚንቶ ከገባበት አንተ ስትመጣ የት ልትገባ ነው? አባባን ፊት ለፊት ለመጠየቅ ደግሞ ወኔ አጣሁ።

ጌም ቤቱ እስከ ሚያዝያ ድረስ ደህና ይሠራ ነበር። እንደ ድሮው አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ኳስ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ምንይችል ይባላል፤ ጋሪ ነጂ ነው። ባጃጅ ገበያውን ስለቀማው ከሰዓት በኋላ ፈረሱን ከበራችን ባሕር ዛፍ ሥር ያስርና ይገባል። ከፈረሱ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በጩኸት ነው የሚነጋገረው። በኳሱ ጌም ውስጥ አንድ ልጅ ፈጥሮ፣ ስም አውጥቶለት፣ ከታችኛው ሊግ ጀምሮ ሲያሳድገው ከረመ። አንድ ቀን ታዲያ ‹የእኔም አርፒጂ ነው› ብሎ ተነሣ። አርፒጂ ማለት የአንድን ሰው ሚና ይዘህ ታሪኩን የምትኖርበት፣ ደረጃውን ማለትም ሌቭሉን የምታሳድግበት ጌም ነው ብዬ ያስረዳሁት እኔው ነበርኩ፤ ቃሉን ከእኔ ወስዶ መልሶ እኔኑ መታበት።

‹ልጄ ፖይንት ያገኛል፣ ሌቭሉ ያድጋል፣ ጫማው ይለወጣል። በዘንዶው ጌም ጎራዴ የያዘው ያንቺ ሰውዬ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?› አለኝ። እኔ ደግሞ ያንተን ትርጉም ነበር የያዝኩት። ሌቭል የሌለው አርፒጂ የለም እያልክ ስንት ቀን እራት አስቀዝቅዘህብናል? በዚያ ሚዛን ከተመዘነ የምንይችል ኳስ ተጫዋች ፈተናውን አልፏል። በልቤ ስረግምህ ዋልኩ።

ያዳነችኝ ፍቅርአዲስ ናት። ከጎናችን ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችውን፣ ያችን ንግግሯ እንደ መቀስ የሆነችውን ታስታውሳታለህ። ‹ልጅህ ኳስ ሰልችቶኛል፣ ልብስ ሰፊ እሆናለሁ ቢል ጌሙ እሺ ይለዋል?› ብላ ጠየቀችው። ለምን ልብስ ሰፊ ይሆናል ብሎ ተቆጣ። እሷም እምቢ ማለት ካልቻለ ሚና ሳይሆን ትእዛዝ ነው የተሰጠው አለች። ምንይችል ግን ቀላል ሰው አይደለም፤ እንግዲያው አንተ ትተህልን በሄድከው በዘንዶው ጌም ውስጥ ጀግናው አልዋጋም፣ ቤቴ እገባለሁ ቢል ይፈቀድለት እንደሆነ እንሞክረው አለ። ሞከርነው። ሰውየውን ወደ መንደሩ መልሰን ብናዞረው ብናዞረው፣ የመንደሩ ሰዎች ‹ዘንዶው መጣብን፣ አድነን› የሚለውን ልቅሷቸውን ብቻ ደጋገሙልን። ፍቅርአዲስ ራሷ አፈረች።

በዚያው ሰሞን ነው መብረቅ የሠፈራችንን ትራንስፎርመር የመታው። ምንይችል ክርክሩን አሸንፋለሁ ብሎ በዘንዶው ጌም ድልድይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰማዩ ጮኸና ሁሉም ጭልም አለ። እሱ ጆይስቲኩን ጥሎ ሲነሣ ፍቅርአዲስ ‹ድልድዩ ላይ ነበርክ፤ አሁን ምን ታደርጋለህ?› አለችው። ጠፋ እኮ አላት። አንተ አልጠፋህም አለችው። እሱም ለቀልድ ብሎ ድልድዩን እንደማያምነው፣ ወርዶ ወንዙን በፈረስ እንደሚሞክር ተናገረ። ጌሙ ይህን በፍጹም አይፈቅድም። እኔ ግን ሳላስበው ‹ውሃው የፈረሱን ሆድ ይነካል፤ ፈረሱ ፈርቷል› አልኩት። ምንይችል ተመልሶ ተቀመጠና ፈረሱን በአገውኛ ያባብለው ጀመር። በዚህ ተጀመረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ባይኖርም ክፍልህ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ምንይችልና ፍቅርአዲስ የየራሳቸውን ሰው ፈጥረዋል፤ እኔ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ነኝ፤ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ሽፍታውን፣ ዝናቡን። ኳስ ሊጫወቱ የመጡትም ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። አንድ ነገር ይሳካ አይሳካ እንደሆነ መወሰኛ ስለሚያስፈልገን ምንይችል ከሚሠራው መንገድ ዳር ጠጠር ለቅሞ በጣሳ አመጣ። ጭብጥ አድርገህ ጠረጴዛው ላይ ትጥላለህ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ካለቀ ተሳካልህ፣ አንድ ከተረፈ አልተሳካም። ሌላ ነገር የለበትም።

አሁን አንተው ፍረድ። ጎረቤታችን እትዬ ይታይሽ ከዝናብ ሊጠለሉ በራችን ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ ምን ያያሉ? እኔ በርዶኝ ጋቢ ተከናንቤ፣ ምንይችል ጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ ‹ይሳካልኛል ወይስ አይሳካልኝም?› እያለ፣ እኔም ጠጠር በትኜ ‹መንገድህ ወንዝ ያቋርጣል፤ ማዶ አንድ ሽማግሌ ይጠብቅሃል› ስለው። ሴትዮዋ እንኳን ሊጠለሉ፣ ዝናቡን ጥሰው ሄዱ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በሆኑት በአባባ ቤት ጠጠር የምትጥል ጠንቋይ ተገኘች ተባለ። ጠንቋይዋ እህትህ መሆኗ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወሬው አባባ ጆሮ ደረሰ። ምሳ ሳይቀምሱ በቀጥታ ወደ ክፍልህ ገቡ። ሦስታችንም እዚያው ነበርን፤ ጣሳውም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ‹በቤቴ ጠጠር ይጣላል?› አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ይህን ሰምተው ካልዘጉት መቼም አይዘጉት ብዬ ክፍልህን በልቤ ተሰናበትኩት። ምንይችል ደግሞ ጥፋቱን እንደመካፈል ብሎ ‹ኧረ ጋሼ፣ የነፍስ አባቴም ቢሰሙ እኔንም አይምሩኝ› አለና ነገሩን አባሰው።

ጥንቆላ አይደለም፣ አርፒጂ ነው አልኳቸው። ታዲያ ምንድን ነው እሱ ሲሉ ሦስታችንም ባንድ አፍ ተናገርን። ምንይችል ሌቭል ነው አለ፤ ፍቅርአዲስ ምርጫ ነው አለች፤ እኔ ሚና ነው አልኩ። አባባ አንድ በአንድ አዩን። ሽምግልና የለመዱ ሰው አይደሉ? ሳይሰሙ አይፈርዱም። ወደ እኔ ዞረው በገና በቤተ ክርስቲያን እንደምንሠራው ድራማ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጽሑፉን ማን ጻፈው አሉ። ማንም አልጻፈውም አልኩ። እንግዲያ ሰው የሚናገረውን በምን ያውቃል አሉ። ሚናውን ከያዘ ያውቀዋል አልኳቸው፤ እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ‹አሳዩኝ› አሉ።

ማንን ይሆናሉ ብላ ፍቅርአዲስ ጠየቀቻቸው። እኔ እኔ ነኝ አሉ። ራስን መሆን አይቆጠርም አለቻቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያ አይደፍርም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አባባ የጠፋውን ኮምፒውተር ያያሉ። ከዚያ ‹እንግዲያው ዮናዳብን ልሁን› አሉ።

ስምህን ከአፋቸው ስሰማ እንባዬን በጋቢው ጠረግሁ። ግን ጨዋታው የእኔ ነውና ‹የት ነዎት?› ብዬ ጀመርኩ። ‹ዮናዳብን አንቱ ትይዋለሽ?› ብለው አረሙኝ። እንደምንም ‹የት ነህ?› አልኳቸው፤ በሕይወቴ አባቴን አንተ ያልኩበት ቀን ያ ነው። መናኸሪያ ከመኪና መውረዳቸውን፣ ቦርሳ መያዛቸውን ነገሩኝ። ምንይችል በጋሪዬ ላድርሰው አለ። አባባ ግን ‹አይ፣ በእግሩ ይምጣ። የሚለውን እያሰበ ይምጣ› አሉ። እኔም መንገዱን፣ ጭቃውን፣ ሰላም የሚሉትን ሰዎች እየነገርኩ እስከ በራችን አመጣሁት። አመጣኋቸው ልበል? ብቻ አንተን አመጣሁህ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ‹በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?› ብለው ጠየቁኝ። የቀረው ሁሉ እኔ ነኝ ብዬህ የለ? መመለስ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ክፍት ነው ብል ዋሸሽ ሊሉኝ ነው፤ ዝግ ነው ብል ራሴ ዘጋሁብህ። ጨነቀኝና እጄን ወደ ጣሳው ሰደድኩ። አባባ ጣሳውን በመዳፋቸው ከደኑት። ‹ይህን ጠጠር አይወስነውም። ውስጥ ማን አለ?› አሉ። አባቱ አልኩ። አባቱን ማን ይሆናል አሉ። አፉ የማያርፈው ምንይችል እንኳን ጫማውን ያይ ነበር።

አባባ ራሳቸው ከወንበሩ ተነሡ። ዝናቡን ፈርተን የዘጋነውን የክፍልህን በር ከፈቱና ውጭ ውጭውን እያዩ ቆሙ። ነፋሱ ውሃውን እግራቸው ላይ ይረጨው ነበር። ከዚያ ማንም ለሌለበት ደጅ ‹ግባ ልጄ፤ ዝናብ አይምታህ› አሉ። ዮናዬ፣ ይህን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሦስት ምስክር አለን።

ተመልሰው ሲቀመጡ፣ ዮናዳብ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። የእሱን አፍ እስከ በሩ ድረስ ነው የቻልኩት አሉ። ሊሄዱ ሲነሡ ሰው እንዳይሰናከልበት ጠጠሩን በባቄላ እንድንቀይረው አዘዙ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ልጆቹ ድራማ ነው የሚለማመዱት ብለው ነገሩልን። ሲሚንቶ ነጋዴው ማክሰኞ ሲመጣ እኔ ከጓሮ ነበርኩ፤ አባባ ‹ክፍሉ ባለቤት አለው› ብለው ሲመልሱት ሰማሁ። እማዬ ይህን ስነግራት እየሳቀች አለቀሰች፤ አልጋህንም አንጥፋ እንደገና አነጠፈችው።

ክርክሩ አልቋል ብዬ አልዋሽህም። ምንይችል አባባ በአንድ እሑድ የወጡትን ሌቭል ማንም አይወጣውም፣ ስለዚህ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ይላል። ፍቅርአዲስ ደግሞ በሩን አለመክፈት ይችሉ ነበር፣ ምርጫ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው ትላለች። እኔ ያንተን ትርጉም ትቼዋለሁ፤ ቅር እንዳይልህ። ከመጣህ ፊት ለፊት እንከራከራለን። ትራንስፎርመሩ ይቀየራል እየተባለ ነው፤ መብራቱ ቢመጣም የባቄላው ጨዋታ እንዳይቀር ሁሉም ተስማምቷል።

ሰላምታውን ላድርስ። እማዬ ዓይንህን ትስማለች፤ ውሃ ሳትጠጣ ፀሐይ ላይ እንዳትቆም ትላለች። ትንሹ ወንድማችን ጢሞቲዎስ በቁመት በልጦኛል፤ ሰላም ብሎሃል፣ የኮምፒውተርህን የይለፍ ቃል ላክልኝም ብሏል። አትላክለት። ፍቅርአዲስ ሰላም ብላሃለች፤ ምንይችልም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል፤ መናኸሪያ ስትወርድ ጋሪዬ አለች ይላል። እትዬ ይታይሽ ‹ይቅር በይኝ ልጄ› ብለውኛል፤ ለአንተም ሰላም ብለዋል።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነቡ ነበር። ምን ልበልልዎት ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁና ‹እኔ በሬን ከፍቼ ተናግሬያለሁ። አሁን ተራው የዮናዳብ ነው በይው› ብለዋል።

እህትህ ሚልካ የኋላሸት
ዳንግላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.