ያልዳኑትን ማንም አልጻፋቸውም

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ራሕመት፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ በቀይ ባሕር ውሃ ልክ ይድረስሽ። እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ራስ ምታቱስ ለቀቀሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ባለፈው ጁምዓ ማዳም ለዑምራ ወደ መካ ስትሄድ ልጆቿን እንድጠብቅ ወሰደችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሱአድም ከምትኖርበት ነካሳ ከሚባለው የመካ ሰፈር ወርዳ ታላቁ መስጊድ ሐረሙ ደጅ አገኘችኝ። አገር ቤት ለእረፍት ስትመጣ የላክሁልሽን የዘምዘም ውሃ በእጅሽ እንዳስረከበችሽ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደም ግፊት ክኒንሽን መዋጥ እንደተውሽ ነገረችኝ። ለምን ብላ ብትጠይቅሽ፣ «ሐኪም ያቃተውን አላህ እንደሚያድን ልጄ ራሷ ከመጽሐፍ አንብባ ነግራኛለች» ብለሻታል። ክው አልኩ።

እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከነቢያችን ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ የነበሩ ሰዎች ስለ ሕክምናና ስለ ሃይማኖት የጻፉትን አጠና ነበር። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥርም ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሽባ ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ በሕልሙ ተፈውሶ ሲነሣ፣ ሐኪሙም ሲያፍር እተርክልሽ ነበር። «ሱብሐነላህ» እያልሽ ስለምትስቂ፣ የሚጥምሽን እየመረጥኩ ነው ያወራሁሽ። ያልነገርኩሽ፣ ታሪኩን የሚጽፉት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸውን ነው። የዳነው ተጻፈ፤ ሳይድን የሞተውን ማንም አልጻፈውም። ከሕሙማኑም ብዙዎቹ እየጸለዩ ከሐኪም ደጅ አልቀሩም። ነቢያችንስ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው የለም? ዘምዘሙን ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እኔም ከነዚያ ጸሐፊዎች አልሻልም። ትምህርቴን አቋርጬ ከመጣሁ ሦስት ዓመት፣ ደህና ደህናውን ብቻ ነው የጻፍኩልሽ። ማዳም እንደ እናት ናት፣ የራሴ ክፍል አለኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። የምተኛው ልብስ መተኮሻው ክፍል፣ መሬት ላይ ነው። ስሜን የሚጠራ የለም፤ ትንሿ ልጅ እንኳ «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ ነው የምትለኝ። አማርኛ ሲናፍቀኝ ከልብስ ማጠቢያው ጋር አወራለሁ፤ ቢያጉረመርምም አይሰድበኝም። ይዤው የመጣሁትን መጽሐፍ ከከፈትኩት ዓመት አለፈኝ። ሥራውስ ይቻላል እማዬ፤ ያልቻልኩት ብቸኝነቱን ነው።

ከእንግዲህ አልዋሽሽም፤ አንቺም ክኒንሽን ዋጪልኝ።

ወንድሜ ሳቢር ይህን ሲያነብልሽ ድምፁ ቢሰበር አትቆጪው፤ እሱም ዛሬ ነው የሚሰማው። እህቴን ረሂማን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትምህርቷን እንዳትተው። አጎቴ ጣሂር በዱዓ አይርሱኝ። እትዬ በላይነሽንም ሰላም በያቸው።

ፓስፖርቴ በአሠሪዬ እጅ ስለሆነ መቼ እንደምመለስ አላውቅም። በመጣሁ ቀን ግን በሩን የምትከፍችልኝ አንቺ ሁኚ።

ልጅሽ ፈቲያ
ጅዳ፣ መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.