ሁለት ጊዜ የተደመረ ቁመት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ለምወድሽ ልጄ፣

«የከፍታው ስህተት የመጣው ከመስክ ቀያሹ ግድየለሽነት ነው።»

ከሪፖርትሽ ሁለተኛ ገጽ ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። የመስክ ቀያሹ እኔ አባትሽ ነኝ። እዚህ ድሮኑን የማበርረው እኔ፣ እዚያ ማዶ ፎቶዎቹን አቀናብረሽ ካርታ የምታወጪው አንቺ።

«አባዬ፣ ድሮኑ እያንዳንዱን ፎቶ ያነሣበትን ቦታ ከሳተላይት ይመዘግባል፤ መሬት ላይ ምልክት እየቀባህ ጉልበትህን አትጨርስ» ያልሽኝም አንቺ ነሽ። ሰማሁሽ። ለማረጋገጫ ያህል ብቻ ተንበርክኬ አራት ነጭ መስቀሎች ቀብቼ ከፍታቸውን ለካሁ። ጉልበቴን እስካሁን ያመኛል።

ትናንት ሥራሽን ከመዝገቤ ጋር አስተያየሁት። የድሮኑን ከፍታ እንዲያርም መሬት ላይ በሦስት እግር ያቆምኩትን የሳተላይት መቀበያ ከፍታ የላክሁልሽ እስከ አንቴናው ድረስ ለክቼ ነው። ቅጹ ላይ «የእግሩ ቁመት ተካቷል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አስምሬበታለሁም። አንቺ ያንኑ የእግሩን አንድ ሜትር ከሰማንያ እንደገና ደመርሽው። በካርታሽ ላይ ሠፈሩ ሁሉ በዚያው ልክ ወደ ላይ ተነሣ። በአራቱም መስቀሎች ላይ የካርታሽና የልኬቴ ልዩነት እኩል ነው። ግድየለሽ ሰው እንዲህ እኩል አይሳሳትም።

በዚህ ካርታ የተነደፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጫፉ ከነባሩ ቱቦ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አለቃዬ በሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ ውሃው ዘሎ ይግባልን?» አለኝ። ሳቁብኝ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ የአንቺ ስም ስለሆነ ነው።

እናትሽ ስጽፍ አይታኝ፣ «ደክሟት ይሆናል፤ ልጅቷን አታስጨንቃት» አለች።

«እኔስ አልደከመኝም?»

«አንተማ ሠላሳ ዓመት ደክሞህ ነው የኖርከው» ብላኝ ወጣች።

ስህተቱ አይደለም የከነከነኝ። ደውለሽ «ይህ ቁጥር እስከ የት ነው የተለካው?» ብትይኝ ኖሮ በግማሽ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ከደወልሽልኝ ስንት ጊዜሽ ነው?

ዓርብ የካቲት 20 የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ሪፖርትሽን ይዞ ተሰብስቦ መስክ ላይ እንድቆይ ወይም ያለ ጊዜዬ ጡረታ እንድወጣ ይወስናል። ቅጹንና አራቱን ልኬቶች ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። ለእነሱ አላሳየሁም፤ ቢያሰናብቱኝም አላሳይም። የሚያርመው የጻፈው እጅ ነው።

ጤና ይስጥሽ፤ እጅሽን ይባርከው፤ በጊዜ ተኚ።

በሰው በኩል የሚላክ ይቅርታ አልቀበልም። እስከ ሐሙስ የካቲት 19 ድረስ በጽሑፍ፣ ፈርመሽበት መልሽልኝ።

አባትሽ